ብርሃንም ስፕሪስ ነው

ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ግን ማን ቆጠረው? የልደት ሰርተፍኬት የላት። መልሱ ያለው አጥንቷ ላይ ሳይሆን ሐዳር ላይ፣ እሷ በተገኘችበት አካባቢ በተነባበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ነው። አመዱ ፖታሺየም አለው። ከፖታሺየም መካከል ደግሞ በጣም ትንሽ ድርሻ ያለው፣ ፖታሺየም 40 የሚባል ዓይነት አለ፤ እሱ እንደ ወንድሞቹ አርፎ አይቀመጥም። በየጊዜው አንዳንዱ አቶም ድንገት ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ ከሚለወጠውም ከአሥሩ አንዱ ገደማ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ የነበረው አርጎን ተንኖ ይጠፋል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚፈጠረው ግን ማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ የታሰረውን ጋዝ መለካት ሰዓት እንደማየት ነው።

ቀርፋፋ ሰዓት ነው። የፖታሺየም 40 ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። የለዋጩ ስም ደግሞ «ደካማው ኃይል» ይባላል።

አሁን ይህን የምታነቡበትን ስልክ እዩት። ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን፣ ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ፣ ስፒከሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማግኔት፣ መስታወቱ ጣታችሁን አላሳልፍም ብሎ የሚመክተው ሁሉ የአንድ ኃይል ሥራ ነው፤ የኤሌክትሮማግኔት ኃይል። ይሄ ኃይል የትም አለ። ከሩቅ ጋላክሲ ተነስቶ ዓይናችን ድረስ ይመጣል።

አንዱ የአቶም ሆድ ውስጥ ተደብቆ በቢሊዮን ዓመት አንዴ የሚንቀሳቀስ፣ ሌላው መብራት የሚያበራ። ሰማይና ምድር ናቸው። የፊዚክስ ሰዎች ግን በ1960ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ተነስተው «እነዚህ ሁለቱ መሠረታቸው አንድ ነው» አሉ። ኤሌክትሮዊክ የሚባለው ኃይል ይሄ ነው። በአማርኛ «ኤሌክትሮደካማ» ልለው አስቤ ነበር፣ ለጆሮ አልጥም ስላለኝ ተውኩት።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲባል የመጀመሪያው አይደለም። ኤሌክትሪክና ማግኔትም ድሮ የማይተዋወቁ ይመስሉ ነበር። በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስትድ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ሲለቅ አጠገቡ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ዘወር አለበት። ከዚያ ፋራዳይ መጣ፣ በ1860ዎቹ ማክስዌል ሁለቱን በአንድ ሒሳብ አሰራቸው፣ ብርሃን ራሱ የሁለቱ ሞገድ ሆኖ ተገኘ። የዛሬው ታሪካችን የዚያ ተከታይ ነው፤ ግን በጣም የሚያስቸግር ተከታይ ነው።

መጀመሪያ ደካማው ኃይል ምን እንደሚሠራ እንይ። ሌሎቹ ኃይሎች ይስባሉ፣ ይገፋሉ፣ ያስራሉ። ይሄኛው መታወቂያ ይቀይራል። ኒውትሮን ከተሠራባቸው ኳርክ ከሚባሉ ትንንሽ ቅንጣቶች አንዱን፣ «ዳውን» የነበረውን «አፕ» ያደርገዋል፣ ያኔ ኒውትሮኑ ፕሮቶን ሆኖ ቁጭ ይላል። በዚያው ቅጽበት አንድ ኤሌክትሮንና ኒውትሪኖ የምትባል ከሌላ ነገር ጋር እምብዛም የማትነካካ ቅንጣት (ትክክለኛ ስሟ አንቲኒውትሪኖ ነው) ተወርውረው ይወጣሉ። ብቻውን የተተወ ኒውትሮን በአማካይ ሩብ ሰዓት ገደማ ቆይቶ እንዲህ ይሆናል። የፖታሺየምና የአርጎኑ ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ፕሮቶን ኤሌክትሮን ውጦ ኒውትሮን ይሆናል።

ይሄ ትንሽ ነገር ከመሰላችሁ ፀሐይን ቀና ብላችሁ እዩ። (በቀጥታ አትዩ፣ ለአባባል ነው።) ፀሐይ ውስጥ ሁለት ፕሮቶኖች ሲጋጩ እንዲጣበቁ ከተፈለገ በዚያችው ቅጽበት አንደኛው ወደ ኒውትሮን መለወጥ አለበት። ካልተለወጠ ይለያያሉ፣ በቃ። የመለወጥ ሥልጣን ያለው ደግሞ ደካማው ኃይል ብቻ ነው፣ እሱም አይቸኩልም፤ አንድ ፕሮቶን ተራው እስኪደርሰው በአማካይ ቢሊዮን ዓመታት ይጠብቃል። ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ነድዳ ገና ያላለቀችው ስለዚህ ነው። እንዲያውም በኪሎ ከተመዘነ ከፀሐይ ይልቅ እናንተ ብዙ ሙቀት ታመነጫላችሁ። ቀልድ አይደለም፦ የአንድ ሰው ሰውነት በኪሎ 1 ዋት ገደማ ይሰጣል፣ ፀሐይ ግን በኪሎ 1 ዋት ለአምስት ሺህ ቢካፈል ከሚደርሰው አንድ እጅ ገደማ ብቻ። እሷን ትልቅ ያደረጋት ብዛቷ ነው።

አንድ ሌላ ጉድም አለው። ደካማው ኃይል ግራኝ ነው። በ1956 ሊ እና ያንግ የሚባሉ ሁለት ቻይናውያን አሜሪካ ውስጥ ሆነው አንድ ጥያቄ አነሱ። ተፈጥሮ ግራና ቀኝ እንደማትለይ ሁሉም ይምላል፣ ግን በደካማው ኃይል ላይ ማን ፈትሾ ያውቃል? ማንም። ወ/ሮ ቺየን ሺዩንግ ዉ ኮባልት 60ን (በደካማው ኃይል እየተለወጠ ኤሌክትሮን የሚተፋ ብረት ነው) ዋሽንግተን በሚገኝ ላቦራቶሪ ወደ ዜሮ ኬልቪን፣ ማለትም ወደ ቅዝቃዜ የመጨረሻ ወለል፣ እስኪጠጋ አቀዘቀዙት፣ አቶሞቹን በማግኔት አሰለፏቸው፣ ከዚያ ኤሌክትሮኖቹ ወዴት እንደሚወጡ ቆጠሩ። ወደ አንድ ወገን አዳሉ። በመስታወት ውስጥ የሚታየው ዓለም ከእኛ ዓለም ይለያል ማለት ነው። ሊ እና ያንግ በ1957 ኖቤል ተሸለሙ፤ ሙከራውን የሠሩት ሴትዮ ግን አልተጠሩም። እስከ ዛሬ የሚያናድድ ነገር ነው።

እና እንግዲህ ይሄ ግራኝ፣ ቀርፋፋ፣ መታወቂያ ቀያሪ ኃይል እንዴት ነው የመብራት ዘመድ የሚሆነው?

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። «ደካማ» የተባለው በስህተት ነው ማለት ይቻላል። ኃይሎች የሚሠሩት ተላላኪ ቅንጣት በመወርወር ነው። የኤሌክትሮማግኔት ተላላኪ ፎቶን ነው፣ የብርሃን ቅንጣት። ክብደት የለውም። የደካማው ኃይል ተላላኪዎች ሦስት ናቸው፦ ደብልዩ ፕላስ፣ ደብልዩ ማይነስ እና ዜድ። እነዚህ ክብደታቸው ለጉድ ነው። ደብልዩ የአንድ ፕሮቶን 86 እጥፍ ይከብዳል፣ ዜድ 97 እጥፍ። አንድ ኒውትሮን ይህን የሚያህል ነገር ከየት አምጥቶ ይወረውራል? ፍየል ዝሆን ወለደች እንደ ማለት ነው። የኳንተም ዓለም ግን ብድር ይፈቅዳል፣ አንድ ጥብቅ ደንብ አለው እንጂ፦ ብዙ የተበደረ ቶሎ ይመልሳል። ደብልዩ ዕዳው ከባድ ስለሆነ ገና አንድ እርምጃ ሳይራመድ ይመለሳል። የሚደርስበት ርቀት የፕሮቶንን ወርድ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ፎቶን ዕዳ የለበትም፣ የፈለገበት ይሄዳል።

ዕዳውን ብንተውና የሁለቱን ተፈጥሯዊ ጉልበት ብቻ ብናወዳድር ግን ማን የሚበልጥ ይመስላችኋል? ደካማ የተባለው። አራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሰውየው ጉልበት አላነሰውም፣ የተሸከመው ሸክም ነው ከደጅ ያላስወጣው።

ይህን በዓይን ያየንበት ቦታ አለ። ሀምቡርግ ከተማ ሥር፣ ዙሪያው 6.3 ኪሎ ሜትር በሆነ ዋሻ ውስጥ ሄራ የሚባል ማሽን ከ1992 እስከ 2007 ኤሌክትሮንን ከፕሮቶን ጋር ሲያላትም ኖረ። ግጭቱ ለስለስ ያለ ሲሆን ፎቶን የሚያስተላልፈው ግጭት ደብልዩ ከሚያስተላልፈው እጅግ ይበዛል፣ ውድድር የለም። ግጭቱ እየከረረ፣ ማለትም ቅንጣቶቹ እርስ በርስ በጣም እየተቀራረቡ ሲሄዱ ግን ልዩነቱ ይጠብባል፣ ይጠብባል፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱ መስመሮች ግራፉ ላይ ይገናኛሉ። ሰው ስለዚህ ኃይል አንድ ሥዕል ብቻ አሳየኝ ቢለኝ ያንን ግራፍ ነው የማሳየው።

አሁን ወደ ስፕሪሱ እንምጣ።

ጁስ ቤት ገብታችሁ የፓፓያና የአቮካዶ ስፕሪስ አዘዛችሁ እንበል። ብርጭቆው ሲመጣ ሁለት ቀለም ነው፤ በማንኪያ ሲማታ ግን አንድ ይሆናል። የኤሌክትሮዊክ ንድፈ ሐሳብ የሚለው እንዲህ ነው፦ ከመሠረቱ የነበሩት ተላላኪዎች እኛ የምናውቃቸው አይደሉም። አንዱ «ቢ» የሚባል ብቸኛ ነው፣ ፓፓያ በሉት። ሌሎቹ ደግሞ ሦስት እህትማማች ደብልዩዎች ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ቻርጅ ያላቸው ደብልዩ ፕላስና ደብልዩ ማይነስ ይሆናሉ። ሦስተኛዋ ቻርጅ የላትም፣ እሷ አቮካዶ ናት። ቢም ቻርጅ የለውም። ሁለቱ ቻርጅ አልባዎች ተቀላቀሉ። ከቅልቅሉ ሁለት ብርጭቆ ወጣ። አንደኛው 77 በመቶ ፓፓያ፣ 23 በመቶ አቮካዶ ነው፤ ይሄ ፎቶን ነው። ሁለተኛው በተገላቢጦሽ 77 በመቶ አቮካዶ፣ 23 በመቶ ፓፓያ ነው፤ ይሄ ዜድ ነው።

ስለዚህ ብርሃን፣ ያ ንጹሕ ነው ብለን የምንምልበት ነገር፣ ቅልቅል ነው። እኔን መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ይሄ ነበር። ኤሌክትሮማግኔትና ደካማው ኃይል «ተመሳሰሉ» ማለት አይደለም ነገሩ። ሁለቱም ከሌሎች ጥንታዊ ነገሮች የተቀዱ ብርጭቆዎች ናቸው። ኤሌክትሮማግኔትን እንደ አባት፣ ደካማውን እንደ ጠፋ ልጅ ማሰብ ስህተት ነው፤ ሁለቱም ልጆች ናቸው።

ታዲያ አንዱ ብርጭቆ ለምን ክብደት አልባ፣ ሌላው ለምን የፕሮቶን 97 እጥፍ ሆነ?

ሂግስ። ይህን ስም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ሂግስ በጠፈር ሁሉ የተነጠፈ መስክ ነው፣ እዚህም እዚያም፣ ባዶ በምንለው ቦታም አለ። ብዙ ጊዜ እንደ ጭቃ ይገለጻል፤ በጭቃው የሚንቦጫረቅ ይከብዳል፣ የማይነካው ይበራል ይባላል። ምሳሌው አይመቸኝም። ጭቃ የሚሄደውን ያቆማል፣ ሂግስ ግን የሚሄደውን አያቆምም፤ ቆሞ ያለውንም ክብደት ይሰጠዋል። ባይሆን እንዲህ እንበል፦ ሂግስ ሁለት ጓደኞች አሉት፣ ፓፓያም አቮካዶም ይነኩታል። ነገር ግን በአንድ ልክ ሲቀላቀሉ የአንዱ ንክኪ የሌላውን ያጣፋዋል። ሂግስ ያንን ቅልቅል አያየውም። ያ ቅልቅል ክብደት አላገኘም፣ እሱም ፎቶን ነው። የተቀረው ቅልቅልና ሁለቱ ደብልዩዎች ግን ተያዙ።

ይሄ ከጥንት የነበረ አይደለም። ዓለም በተወለደች በመጀመሪያዋ የሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ውስጥ ሙቀቱ ከአንድ ሺህ ትሪሊዮን ዲግሪ በላይ ነበር፣ የፀሐይን እምብርት መቶ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ። በዚያ ሙቀት የሂግስ መስክ ቀልጦ ነበር፣ አማካይ ዋጋው ዜሮ። ቢም ሦስቱ ደብልዩዎችም ክብደት አልባ ሆነው እኩል ይሯሯጡ ነበር። ፎቶን የሚባል ነገር ገና አልተቀዳም። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ሂግስ ረጋ፣ ብርጭቆዎቹም ተለዩ።

ብዙ ሰው ይህን ከውኃ ወደ በረዶ መለወጥ ጋር ያመሳስለዋል። ውኃ ግን ዜሮ ዲግሪ ላይ ቁርጥ አድርጎ ነው የሚረጋው፣ መሐል የለውም። ሒሳቡ በሂግስ ክብደት ሲሠራ የሚወጣው ሌላ ነው፤ አረጋጉ እንደ ቅቤ ነው። ቅቤ ከዚህ ዲግሪ በላይ ፈሳሽ፣ ከዚህ በታች ጠጣር አይባልም፤ ቀስ እያለ ይጠጥራል። ለአንዳንድ ተመራማሪዎች ይሄ መጥፎ ዜና ነበር። ምክንያቱም አረጋጉ እንደ በረዶ ድንገተኛ ቢሆን ኖሮ፣ ዓለም ውስጥ ቁስ ለምን ከፀረ ቁስ እንደበዛ፣ ማለትም እኛ ለምን እንዳለን፣ ለማስረዳት ጥሩ መነሻ ይሆን ነበር። ስለዚህ አሁን ሂግስ ብቻውን እንዳልሆነ፣ ሌላ ያልታየ ቅንጣት አረጋጉን እንዳደፈረሰው ተስፋ የሚያደርጉ አሉ።

ሰዎቹ እነማን ናቸው? ስፕሪሱን መጀመሪያ የቀመመው ሼልደን ግላሾው ነው፣ በ1961። ነገር ግን ክብደቶቹን በእጁ ነው ያስገባቸው፣ ሒሳቡም በዚያ ምክንያት ይበላሽ ነበር። በ1964 ፒተር ሂግስ፣ ፍራንሷ ኢንግለርትና ሮበርት ብራውት፣ ሌሎችም ሦስት ሰዎች፣ ሒሳቡን ሳያበላሹ ክብደት የሚሰጡበትን መንገድ አገኙ፣ ግን የት እንደሚጠቅም አላወቁም። ስቲቨን ዋይንበርግ ያንን መንገድ ይዞ በጠንካራው ኃይል፣ የአቶምን እምብርት አስሮ በሚይዘው፣ ላይ ሲታገል ከረመ። አልሠራለትም። በ1967 አንድ ቀን ቀይ ካማሮ መኪናውን እየነዳ ወደ ኤምአይቲ ቢሮው ሲሄድ ገባው፦ መልሱ ልክ ነው፣ ጥያቄው ነው የተሳሳተው። ቁልፉ የደካማው ኃይል በር ነበር። ሦስት ገጽ እንኳ በደንብ የማትሞላ ጽሑፍ ጻፈ። ለአራት ዓመት ያህል ዞር ብሎ ያያት አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1971 ኼራርት ኤት ሆፍት የሚባል ኔዘርላንዳዊ ተማሪ ከመምህሩ ከቬልትማን ጋር ሒሳቡ የማይበላሽ መሆኑን ሲያሳይ ነው ሁሉም ወደዚያች ጽሑፍ የሮጠው።

ሦስተኛው ሰው አብዱስ ሳላም ነው፤ ዋይንበርግን ሳይጠይቅ በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ። የተወለደው ዛሬ ፓኪስታን በሆነችው አገር ጃንግ አካባቢ ነው፣ በ1926። አገሩ ሲመለስ አብሮት ምርምር የሚያወራ ሰው አጣ፣ ተመልሶ እንግሊዝ ሄደ። ያ ብቸኝነት ስላንገበገበው በ1964 ጣሊያን ትሪየስቴ ላይ ለድሃ አገር ሳይንቲስቶች መሰብሰቢያ የሚሆን ማዕከል አቋቋመ፤ ከእኛ አገርም በዚያ በር ያለፉ የፊዚክስ ሰዎች አሉ። በ1979 ግላሾው፣ ሳላምና ዋይንበርግ ኖቤል ሲሸለሙ ሳላም ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ የአገሩን ልብስ ለብሶ ስቶክሆልም ላይ ቆመ። አገሩ ግን እሱ የነበረበትን የአህመዲያ እምነት በ1974 በሕግ «እስልምና አይደለም» ብላ ነበር፤ ከሞተ በኋላ መቃብሩ ላይ ከተጻፈው «ሙስሊም» የሚለው ቃል ተፋቀ። ሁለቱ አሜሪካውያን ደግሞ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ አንድ ሃይስኩል አብረው የተማሩ ናቸው፣ የ1950 ተመራቂዎች። የዕድል ነገር!

ሽልማቱ ሲሰጥ ደብልዩንም ዜድንም ያየ ሰው አልነበረም። ታዲያ በምን ተማምነው ሸለሟቸው? በዋነኝነት በ1973 ሰርን፣ ጄኔቫ አጠገብ ባለው የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል፣ ውስጥ በታየ ነገር ነው። ጋርጋሜል የሚባል፣ ፍሪዮን የተሞላ ትልቅ የብረት በርሜል ነበር፤ ቅንጣት ሲያልፍበት የአረፋ መስመር ይሠራል። ኒውትሪኖ ለቀቁበት። ፎቶው ላይ አንድ ኤሌክትሮን ብቻውን ተወርውሮ ይታያል። ማን ገፋው? ኒውትሪኖ ቻርጅ የላት፣ በፎቶን መግፋት አትችልም። ደብልዩ ደግሞ መታወቂያ ይቀይራል፣ እዚያ ላይ ግን የተቀየረ ነገር የለም። የገፋው ዜድ ነው፣ ያ ማንም ያላዘዘው ሁለተኛ ብርጭቆ። አሜሪካ ያለው ተፎካካሪ ቡድን መጀመሪያ «እኛም አየን» አለ፣ ከዚያ መሣሪያውን አሻሽሎ «የለም» አለ፣ ከዚያ እንደገና «አለ» አለ። ይህ የዜድ ሥራ በፊዚክስ «ገለልተኛ ከረንት» ይባላልና በዚያ ዘመን የነበሩ ተረበኞች «ተለዋዋጭ ከረንት አገኙ» እያሉ ሳቁባቸው።

ደብልዩና ዜድ ራሳቸው በ1983 ተያዙ። ካርሎ ሩቢያ ሰርን የነበረውን ማፋጠኛ ፕሮቶንና ፀረ ፕሮቶን ማጋጫ እናድርገው ብሎ ወጥሮ ያዘ፣ ሲሞን ቫንደርሜር ፀረ ፕሮቶኖችን ሰብስቦ በአንድ መስመር የሚያስኬድበትን ዘዴ አበጀ። የመጀመሪያዎቹ ደብልዩዎች አሥር ገደማ ብቻ ነበሩ፣ ከስንትና ስንት ግጭት ተለቅመው። ክብደታቸው ግን ሒሳቡ ባለው ቦታ ላይ ተገኘ። በዓመቱ ኖቤል ወሰዱ።

ከዚያ የመጣው ሌፕ የሚባለው ማሽን ነው፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ፣ ከ1989 እስከ 2000። ወደ 17 ሚሊዮን ዜዶች አመረተ። የዜድን ክብደት በጣም በጥንቃቄ ሲለኩ ቁጥሩ ከሰዓት ሰዓት ይዋዥቃል። ምንድነው? ጨረቃ ናት። ባሕር የምታስነሳው ጨረቃ መሬትንም ትንሽ ታስነሳለች፣ በዚያ ሳቢያ 27 ኪሎ ሜትሩ ቀለበት በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጥና ይኮማተራል። የጄኔቫ ሐይቅ ሲሞላና ሲጎድልም ይታወቃቸው ነበር። ሌላ የማይገባ ረብሻ ደግሞ ቀን ቀን ይመጣል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይቆማል። ያ ደግሞ ከጄኔቫ ወደ ፓሪስ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ሆኖ ተገኘ፤ ከሐዲዱ የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ በማሽኑ ቧንቧ በኩል እያለፈ። በ1996 ደግሞ ጨረሩ አልሄድ ብሎ ቧንቧው ሲከፈት ውስጡ ሁለት የቢራ ጠርሙስ ተገኘ። ይህን ሁሉ አርመው ነው ቁጥሩን ያወጡት። ውጤቱም ትልቅ ነው፦ የኒውትሪኖ ዓይነቶች ሦስት ብቻ መሆናቸውን በዜድ ዕድሜ አወቅን፤ ገና ያልታየው ቶፕ ኳርክ ምን ያህል እንደሚከብድም ከእነዚሁ ልኬቶች ተገመተ፣ በ1995 ቺካጎ አጠገብ ሲገኝ እዚያው አካባቢ ሆነ። የሂግስ መስክ ቅንጣት ራሱ ጁላይ 4 ቀን 2012 ብቅ አለ፣ የፕሮቶን 133 እጥፍ ሆኖ።

እና አለቀ? አላለቀም። በ2022 አንድ ጉድ ተሰማ። ቴቫትሮን የሚባለው የአሜሪካ ማሽን በ2011 ተዘግቷል፣ ሲዲኤፍ የተባለው ቡድን ግን ዳታውን ይዞ ለዓመታት ሲመረምር ቆየ። አራት ሚሊዮን ገደማ ደብልዩዎችን አንድ በአንድ ፈትሾ የደብልዩ ክብደት 80,433 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ክብደት መለኪያ ነው) ነው አለ። ንድፈ ሐሳቡ የሚጠብቀው 80,357 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ግን ሲዲኤፍ ስህተቴ ከ10 አይበልጥም ስላለ፣ ቁጥሩ እውነት ከሆነ ንድፈ ሐሳቡ ተሰነጠቀ ማለት ነው። ዓለም ተንጫጫ፣ በየሳምንቱ አዲስ ቅንጣት ፈልሳፊ ወረቀት ይጎርፍ ጀመር። ከዚያ አትላስ የሚባለው የሰርን ቡድን ለካ፣ 80,367 አለ። በ2024 ሲኤምኤስ የሚባለው ሌላው የሰርን ቡድን ለካ፣ 80,360 አለ፣ ስህተቱም እንደ ሲዲኤፍ ጠባብ ነው። ሁለቱም ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ይስማማሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሲዲኤፍ የሆነ ቦታ አንድ ነገር አምልጦታል እላለሁ፤ ግን የት እንዳመለጠው ጣቱን ቀስሮ ያሳየ ሰው እስካሁን የለም፣ ሰዎቹም በቁጥራቸው እንደጸኑ ናቸው።

ለእኔ ግን ከዚህ ጫጫታ ይልቅ የሚከነክነኝ ያ 23 በመቶ ነው። ሁለቱ ኃይሎች አንድ ሆኑ እንላለን፣ ሙሉ በሙሉ እውነት ከሆነ ግን የቅልቅሉን ልክ ሒሳቡ ራሱ መናገር ነበረበት። አይናገርም። 23 የሚለው ከላቦራቶሪ የመጣ ነው፤ ንድፈ ሐሳቡ 40 ቢባልም 10 ቢባልም አሜን ይላል። ፓፓያውም አቮካዶውም የየራሳቸው ጉልበት አላቸው፣ ለምን በዚህ ልክ እንደሆነ የጁስ ቤቱ ባለቤት አልነገረንም። ከጠንካራው ኃይል ጋር ጨምሮ ሦስቱንም ከአንድ ምንጭ የሚያወጡ ትልልቅ ንድፈ ሐሳቦች ይህን ቁጥር ለመተንበይ ይሞክራሉ፣ ፕሮቶን ራሱ አንድ ቀን እንደሚፈርስም ይናገራሉ፤ ሲፈርስ ያየ ግን የለም።

ቁጥሩ ደግሞ ቋሚ አይደለም። በዜድ ክብደት አካባቢ ሲለካ 0.231 ነው፣ ለስለስ ባለ ግጭት ሲለካ ወደ 0.239 ይጠጋል፤ ንድፈ ሐሳቡ መነሻውን ባያውቅም በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚቀያየር ግን በትክክል ይናገራል። ስለዚህ ቨርጂኒያ ጄፈርሰን ላብ ውስጥ ሞለር የሚባል፣ ጀርመን ማይንዝ ውስጥም ፒ2 የሚባል ሙከራ እየተዘጋጀ ነው። ሥራቸው በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ኤሌክትሮኖችን አንዴ ግራኝ፣ አንዴ ቀኝ አድርጎ (የሚሽከረከሩበትን አቅጣጫ ማለት ነው) ዒላማ ላይ መተኮስና የሚነጥሩትን መቁጠር። ፎቶን ግራና ቀኝ አይለይም። ዜድ ግን ይለያል። ሞለር ላይ በሁለቱ ቆጠራ መካከል የሚጠበቀው ልዩነት ከአንድ ቢሊዮን ውስጥ ጥቂት አሥሮች ናቸው፤ እነሱን ነው የሚፈልጉት።